መከላከያው ፈርድ ነው ወይስ ሱንና?



በቅርቡ በአንድ ጁሙዓ ከአንዋር መስጊድ ሰግደን ስንወጣ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ «አንድ ነገር ላማክርህ» ብሎ ይዞኝ በተክለሃይማኖት በኩል ወደ ጌጃ ሰፈር ወረድን። ጓደኛዬ የመኪና ቀለም ነጋዴ ነው። የደንበኛው ከሆነ አንድ ጋራዥ ደጃፍ በርጩማ ይዘን ሻይ እንዳዘዝን ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። ከውጭ የተላከለት ፕሮፎርማ ነው። ስፕሬይ ቀለም ከውጭ እያስመጡ መሸጥ አላዋጣ ስላለው እዚሁ አገር ውስጥ ቆርቆሮ ሊሞላ አስቧል።

በወረቀቱ ራስጌ ሦስት መሣሪያዎች ተዘርዝረዋል፦ ቀለም መሙያ፣ የቆርቆሮውን አፍ ከነቫልቩ ማሸጊያና ጋዝ መሙያ። ከግርጌው ደግሞ «እንደ ገዢው ፍላጎት» በሚል ርዕስ ሌሎች ዕቃዎች ሰፍረዋል፦ ጋዝ ሲያመልጥ የሚጠቁም መሣሪያ፣ አየር ማውጫ ማራገቢያ፣ ብልጭታ የማያወጣ ሞተርና መብራት፣ የሙቅ ውሃ መፈተሻ ገንዳ። ጓደኛዬ ጣቱን በወረቀቱ ወገብ ላይ አሳርፎ «ከዚህ በላይ ያሉት ካሉኝ ቆርቆሮው ይሞላል፤ ከዚህ በታች ያሉት ግን ዋጋውን እጥፍ ሊያደርጉብኝ ነው። አንተ ኪታብም ጋዜጣም ታነባለህና ንገረኝ፤ እነዚህ የታችኞቹ ፈርድ ናቸው ወይስ ሱንና?» አለኝ።

እየቀለደ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው ቀልድ ሆኖ አላገኘሁትም። አንድ ሙስሊም ባለሀብት ሠራተኛውን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚያወጣው ገንዘብ ከትርፉ የሚለግሰው ሰደቃ ነው ወይስ ያለበት ዕዳ?

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት ነገሩን ራሱን እንወቀው። ስፕሬይ ቀለም ለአብዛኞቻችን የመኪና ጭረት መሸፈኛ ተራ ዕቃ ነው። በውስጡ ግን ቀለሙ ከነማቅጠኛው፣ ስንነቀንቀው የምትንኳኳዋ ብይ የምታህል ድቡልቡል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለሙን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ አለ። ይህ ጋዝ ዛሬ በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ማለትም የቡታጋዛችን ወንድም። በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይሞላል፤ ካመለጠ ግን ወደ ትነት ተለውጦ 250 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ከክፍሉ አየር 2 ከመቶ ያህሉን ከያዘ በኋላ አንዲት የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ትበቃዋለች።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ለማድ ቤት የሚሸጠው ጋዝ የሚሸተን ሲያመልጥ እንድናውቅ ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ለስፕሬይ የሚውለው ጋዝ ግን ሽታው የተወገደለት ነው፤ በዚሁ ዓይነት ጋዝ ሽቶና ዲዮዶራንት ስለሚሞላ ማንም የሚከረፋ ነገር አይፈልግም። እንግዲህ በመሙያ ክፍሉ ውስጥ የቆመው ሠራተኛ አላህ የሰጠው አፍንጫ አያገለግለውም። በፕሮፎርማው ግርጌ «እንደ ፍላጎት» የተባለው ጠቋሚ መሣሪያ የዚያ ሠራተኛ አፍንጫ ነው። አፍንጫ ደግሞ ሲመቸን የምንጨምረው ጌጥ አይደለም።

በሥርዓት የተሠሩ ፋብሪካዎች ጋዙን የሚሞሉት ከዋናው አዳራሽ በተለየ ክፍል ነው። መሙያው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በአየር ግፊት ይንቀሳቀሳል። ማራገቢያው አየሩን የሚስበው ከወለሉ አጠገብ ነው። ጠቋሚው ጋዙ ወደ አደገኛው መጠን ገና ሳይቃረብ ማራገቢያውን ያፈጥናል፤ ካላቆመም የጋዙን መስመር ይዘጋል። የተሞላው ቆርቆሮ ወደ 50 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ያልፋል፤ የሚያፈስ ካለ በአረፋው ይታወቃል፤ ደካማ ከሆነም በገዢው እጅ ሳይሆን እዚያው ይፈነዳል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ብዙዎቻችን አደጋ ሲደርስ ቶሎ የምትመጣልን ቃል «ቀደሩ ነው» የምትለዋ ናት። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ መሆኑን ማንም ሙስሊም አይክድም። ነገር ግን ይህች ቃል ከማን አፍ ትወጣለች? የተቃጠለው ሰው ቢላት ሰብር ናት፤ ያቃጠለው አሠሪ ቢላት ግን ማምለጫ ትሆናለች። ግመሉን ፈትቶ ልተወው ወይ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስረው፣ ከዚያ በአላህ ላይ እንዲመካ እንዳዘዙት ሁላችንም በቂርአት ቤት ሰምተናል። ተወኩል ከገመዱ በኋላ እንጂ በገመዱ ፋንታ አይደለም።

ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን ይዘው ሊመለሱ ሲወስኑ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ጠይቀዋቸው ነበር። መልሳቸው ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄድ ነው የሚል እንደነበር ይታወቃል። ጋዙ መቀጣጠሉ ቀደር ከሆነ ጠቋሚው መጮኹም ቀደር ነው። ምርጫው ሲቀርብልን የርካሹን ቀደር ብቻ ለምን እንመርጣለን?

የፊቅህ ሊቃውንት ደግሞ የጓደኛዬን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ መርህ አላቸው፦ አንድ ግዴታ ያለ እርሱ የማይፈጸምበት ነገር ራሱ ግዴታ ይሆናል። ሰላት ፈርድ ስለሆነ ዉዱእ ለሰላት ግዴታ ሆነ። ኢማም አል-ገዛሊ ሸሪዓ ሊጠብቃቸው ከመጣባቸው አምስት ነገሮች መካከል ነፍስን ከሃይማኖት ቀጥሎ፣ ገንዘብን ደግሞ በመጨረሻ አስቀምጠዋል። እንግዲህ የሠራተኛን ነፍስ መጠበቅ ፈርድ ከሆነ፣ ያም ያለ ማራገቢያና ያለ ጠቋሚ የማይሆን ከሆነ፣ ፕሮፎርማው ምንም ይበል ምን የታችኛው ዝርዝር ፈርድ ነው።

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች በጻፉት የሒስባ መመሪያ የዳቦ ጋጋሪዎች ቤት ጣሪያው ከፍ እንዲል፣ የጭሱም መውጫ ሰፊ እንዲሆን ያዛሉ። የአገራችንም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 የሚፈነዱ ወይም መርዛማ ነገሮችን በመጠቀም ወይም በማከማቸት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጉዳቱ ሲደርስ ኃላፊ ያደርገዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቁን ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል።

ጓደኛዬ ግን ዝም አላለም። በሌላ ቀን ስንገናኝ «አንተ የምትለው የሀብታም አገር ነገር ነው» አለኝ። «ሁሉንም ካሟላሁ አልከፍትም፤ ካልከፈትኩ ደግሞ አሥር ልጆች ሥራ አያገኙም። ልጆቹን ብትጠይቃቸው አደጋውን እያወቁ እሺ ይሉኛል።» ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሥራ ማጣትም ሰውን ያጠፋል፤ ይህን ለመዲናችን ሰው መንገር አያስፈልግም። ሆኖም ሌላ እንጀራ የሌለው ሰው «እሺ» ሲል የሚናገረው ረሃቡ ነው። ሰው ነፍሱን በአላህ አማና ይዟታል እንጂ እንደ ዕቃ የሚሸጣት ንብረቱ አይደለችም፤ እርሱ ሊሸጣት ካልቻለ እኛ ልንገዛት አንችልም።

በዚህ ረገድ ከዓለምም የምንማረው አለ። ቀድሞ እነዚህ ቆርቆሮዎች የሚሞሉት በማይቀጣጠል ጋዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ያ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዳ አሳወቁ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ አገራችንም በ1994 ገባችበት። ፋብሪካዎች ወደ ፕሮፔንና ቡቴን ሲዞሩ ሰማዩ ተረፈ፤ አደጋው ግን ከሰማይ ወርዶ በመሙያ ክፍሉ ሠራተኛ ፊት ቆመ። ለዚህም ነው ለውጡ የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የመከላከያም ወጪ ያስከተለው፤ የድሃ አገሮች ፋብሪካዎች ለውጡን እንዲያደርጉ የሚደግፍ ፈንድም የተቋቋመው። ሁሉም የተጠቀመበትን ነገር ዋጋ ጥቂቶች በገላቸው እንዲከፍሉ መተው ፍትሕ አይሆንም።

ታዲያ አቅም የሌለው ምን ያድርግ? የሐላሉ በር ጠባብ ይሁን እንጂ አልተዘጋም። ጋዛቸው በሥርዓት በተሠራ ፋብሪካ አስቀድሞ የተሞላ ቆርቆሮዎች ይሸጣሉ። ባለሱቁ በትንሽ መጫኛ መሣሪያ ደንበኛው የሚፈልገውን ቀለም በቫልቩ በኩል ብቻ ይጨምርባቸዋል። ቲነሩ ስለሚቀጣጠል አየር የሚዘዋወርበት፣ እሳት የማይደርስበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ አደገኛውን የጋዝ ክፍል ግን ያስቀራል። ትርፉ ያንሳል፤ ዕንቅልፉ ግን ሙሉ ነው። ይህንኑ ለጓደኛዬ ነገርኩት።

ያን ጁሙዓ ያየሁትን ልጨምርና ላብቃ። ጋራዡ በር ላይ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ ባዶ መስሎት ያገለገለ የስፕሬይ ቆርቆሮ በሚስማርና በድንጋይ ሊበሳ ሲል ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ሮጠው ነጠቁት። ልጁ የፈለገው ውስጡ ያለችውን ብይ ነበር። ሽማግሌው ወደ ጓደኛዬ ዞረው «ልጄ፣ ፋብሪካውን ስትከፍት ጋዙን የምትሞላው አንተ ነህ?» አሉት። አልመለሰላቸውም። ከሳምንት በኋላ ግን ደውሎልኝ ለሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ ዋጋ መጠየቁን፣ ገና አለመወሰኑንም ነገረኝ።

እናንተስ? ዳቦ ቤት ያላችሁ፣ ሕንፃ የምታስገነቡ፣ ጋራዥ የከፈታችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ «እንደ ፍላጎት» ብላችሁ ከዝርዝሩ የሰረዛችሁት ነገር የማን አፍንጫ፣ የማን እጅ፣ የማን ዓይን ነበር? ዕዳውን ዛሬ በገንዘብ መክፈል ነገ አላህ ፊት በሌላ ነገር ከመክፈል ይቀላል።

ወሏሁ አዕለም።