ማሰሮውን እንወዳለን፤ ሠሪዋንስ?

የዛሬውን ጽሑፋችንን በአንድ ጥያቄ እንጀምራለን። በሩቅ አገር የተፈጸመን ግፍ በቴሌቪዥን አይተን ስናዝንና ስንቆጣ፣ ይህ ኀዘናችን በራሱ መልካም ሥራ ነውን? ወይስ ወደ ራሳችን ደጃፍ ካልተመለሰ ከንቱ ሆኖ የሚቀር ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከጎረቤታችን፣ ከቤተሰባችንና ወደፊት ከምንመሠርተው ትዳር ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ረጋ ብለን ልናስብበት ይገባል።

ለምሳሌ «የሚስ ጄን ፒትማን የሕይወት ታሪክ» የተባለውን ድራማ እንውሰድ። በ1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1974) በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ጌንስ ከጻፈው ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ ዋናዋን ባለታሪክ ሆና የተጫወተችው ሲስሊ ታይሰን ናት። ጄን በደራሲው የተፈጠረች ሴት ብትሆንም፣ የኖረችበት ዘመንና የደረሰባት በደል ግን ከእውነተኛ ታሪክ የተቀዳ ነው። በሉዊዚያና በባርነት ተወለደች። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 በሕግ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እርሷም የመቶ ዐሥር ዓመት አሮጊት ሆና ሳለ፣ በትንሿ ከተማ ፍርድ ቤት ደጅ የቆመው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ገና ለነጮች ብቻ የተፈቀደ ነበር። ይህን ለመቃወም የተነሣ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምታውቀው ወጣት ተገደለ። አሮጊቷም ከዘራዋን ተደግፋ፣ ፖሊሶች እያዩአት፣ ቀስ ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ጎንበስ ብላ ጠጣች፤ ተመለሰች።

ያች አሮጊት ውኃ ጠምቷት አልነበረም። የነጮቹም ፍርሃት ውኃው እንዳያልቅባቸው አልነበረም። የእርሷ አፍ የነካውን ላለመንካት ነበር። ሰውን ሥራ ከልክሎ ማስራብ ግፍ ነው። «አንተ የነካኸውን እኔ አልነካም» ማለት ግን የሰውየውን ሰውነት ራሱን መካድ ነው። ልብ እንበል፤ ሕጉ ነፃ ካወጣት በኋላ እንኳ የውኃ መጠጫው ነፃ አላወጣትም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን የመሰለ ነገር ስናይ ደማችን ይፈላል። ያለ ምክንያትም አይደለም። በ1953 ዓ.ም. አገራችን ከላይቤሪያ ጋር ሆና፣ ደቡብ አፍሪካ በዛሬዋ ናሚቢያ ላይ የጫነችውን የዘር መድልዎ በመቃወም ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ1958 ዓ.ም. ክሱን ሳይቀበለው ቢቀርም ሙግቱ ዓለምን አነጋግሯል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት፣ አንዱን ዘር ከሌላው የሚያስበልጥ አስተሳሰብ ካልተወገደ ሰላም እንደማይኖር ተናግረዋል። ይህ ልንኮራበት የሚገባ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ አባቶቻችን «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላሉ። እስቲ ወደ ራሳችን ድስት እንመለስ።

እዚሁ ሐዋሳ ከተማችን ገበያ ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱና ማሰሮው ተደርድሮ እናያለን። ይህን ዕቃ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አፈሩን ቆፍረው፣ ተሸክመው፣ አድቅቀው፣ በውኃ ለውሰው፣ በእጃቸው ብቻ ቅርጽ ሰጥተው፣ አድርቀውና በእሳት ተኩሰው ለገበያ ያወጡታል። በሲዳማ ይህን ሙያ ከጥንት ጀምሮ የያዙት ሃዲቾ የሚባሉት ወገኖቻችን ናቸው። ብረት የሚቀጠቅጡት ቱንቲቾ፣ ቆዳ የሚያለፉት ደግሞ አዋቾ ይባላሉ። በቀድሞው ልማድ ሌላው ሕዝብ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አይጋባም፤ ከአንድ ገበታም አይቆርስም ነበር። መሬትም እንደ ሌላው አልነበራቸውም።

ነገሩ የሲዳማ ብቻ አይደለም። በጉራጌና በከምባታ «ፉጋ»፣ በከፋ «ማንጆ»፣ በጣና ዙሪያ «ወይጦ» የተባሉት ወገኖች ተመሳሳይ ሸክም ተሸክመዋል። በሰሜኑም የአገራችን ክፍል አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ «ጠይብ» እየተባሉ፣ በቡዳነት እየተጠረጠሩ ሲፈሩና ሲሸሹ ኖረዋል። ገበሬው ማረሻ የሠራለትን ሰው ይፈራው ነበር፤ በማረሻው ግን ያርስ ነበር።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በገበታ ላይ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰው ልጆች ሁሉ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ በዓል ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተዘጋጀው ቡርሳሜ ቀርቦ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር አብሮ ይበላል። ምግቡ የሚቀርብበት ሻፌታ የሸክላ ዕቃ ነው። እንግዲህ እንጠይቅ። ሻፌታው ከገበታው መካከል ተቀምጦ ሳለ፣ ሻፌታውን የሠራችው ሴት በቀድሞው ልማድ ለምን ከገበታው ራቀች? እጇ የሚያረክስ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚረክሰው ዕቃው በሆነ ነበር። ዕቃዋን ተቀብለን እርሷን የምንንቅ ከሆነ፣ ንቀታችን ሰበብ እንጂ እውነት እንደሌለው በራሳችን ላይ መሰከርን ማለት ነው።

ለመሆኑ ሕግ ምን አደረገ? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን ከለከሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ፈቀደ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25፣ ማንም ሰው በትውልዱና በማኅበራዊ አመጣጡ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግበት ደንግጓል። እነዚህ ሁሉ በጎ ናቸው። ነገር ግን ሕግ መሬት ይሰጣል፣ ስድብን ይቀጣል እንጂ፣ ማን ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ ሊያዝ አይችልም። ያ ለእኛ የተተወ ነው።

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች «የእኛ እንደ አሜሪካ አይደለም፤ ሁላችንም አንድ መልክ ነን» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሁለቱ ታሪኮች በብዙ ነገር ይለያያሉ። ነገር ግን የቆዳ ቀለም ለናቂው ሰበብ ነው እንጂ የንቀቱ ሥር አይደለም። የቀለም ልዩነት በሌለበት አጥንት ይቆጠራል፤ ሙያ ይጠየቃል።

ሌሎች ደግሞ «እኛ ማንንም አንጠላም፤ የአባቶቻችንን ልማድ ጠበቅን እንጂ» ይላሉ። ይህኛው ክርክር ከበድ ያለ ነው። ልማዱን እኛ አላመጣነውም፤ ባላመጣነው ነገርም ጥፋተኞች ልንባል አይገባም። ይሁን እንጂ የተረከብነውን ለልጆቻችን የምናስተላልፈው ወይም እዚሁ የምናስቀረው እኛው ነን። በዚያች ትንሽ ከተማ ይኖሩ ከነበሩት ነጮች ብዙዎቹ ያንን ክልከላ ራሳቸው አላወጡትም፤ ወጥቶ ነው ያገኙት። ክልከላው ዕድሜ ያገኘው ግን በየቀኑ በአጠገቡ እያለፉ ዝም በማለታቸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የትዳር ነገር ነው። ዛሬም ቢሆን በብዙ ቦታ ያልተሻገርነው ወንዝ ይህ ነው። ማንም ሰው የማይወደውን እንዲያገባ አይገደድም። ነገር ግን አንድ ወጣት የልጅቱን ጠባይ፣ እምነቷንና አስተሳሰቧን አይቶ ከወደዳት በኋላ፣ «አጥንቷ ማን ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ቢተዋት፣ ይህ የግል ምርጫ ነው ወይስ ያ የፍርድ ቤት ደጅ ቧንቧ? ወላጆቻችንን ማክበር ይገባናል። በትሕትና ቁጭ ብሎ «አባባ፣ እማማ፣ በዚህ ነገር አልተስማማሁም» ብሎ ማስረዳትም ከማክበር አይቈጠርም አይባልም። ኩርፊያ ሊመጣ ይችላል፤ የሠርግ ቤት ሊቀዘቅዝ ይችላል። ነገሩ ዋጋ እንደሚያስከፍል ሳናውቅ አንናገርም።

በወንጌል የምናውቃት የሳምራዊቷ ሴት ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳናል። በዚያን ዘመን አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር። ጌታችን ግን በጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ውኃ እንድታጠጣው ጠየቃት። ሴቲቱን መጀመሪያ ያስገረማት ትምህርቱ አይደለም፤ ከእርሷ እጅ ለመጠጣት መጠየቁ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ለተናቁ ሰዎች ልብስና ገንዘብ መስጠት አይከብደንም። ሰጪ ሁልጊዜ ከላይ ነውና። የሚከብደን ከእጃቸው ተቀብሎ መጉረስ፣ ቤታቸው ገብቶ ቡናቸውን መጠጣት ነው። የእኩልነት መለኪያው ግን እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ እንስጥ። በድራማው ማዘናችን መልካም ነው፤ ልባችን እንዳልደነደነ ያሳያል። ግን መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ስለዚህ የሙያ ስሞችን ለስድብ የሚጠቀም ጓደኛ ሲኖረን ዝም አንበል። በበዓልና በሠርግ ጊዜ ከገበታው ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ ማን እንዳራቀው እንጠይቅ፤ እኛም አጠገቡ እንቀመጥ። ቤታችን ከመጡት ሸክላ ሠሪዎች ቤትም በእንግድነት እንሂድ። የቀረውን በሚቀጥለው ውይይታችን እያንዳንዳችን ከየቤታችን አንድ ምሳሌ ይዘን መጥተን እንነጋገርበት። አስተዋይ ልብ ይስጠን።