ከኢየሩሳሌም የሚወርዱ ሁለት መንገዶች

ዓለም ከተማ ላይ «ኢየሩሳሌም ተሳልማ መጣች» የተባለች ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ናት። ለቅሶ ቤት ስትገባ ወንበር ይለቀቅላታል። ከዮርዳኖስ የቀዳችውን ውኃ ጎረቤት ሁሉ ይቀባል። ልጆቿ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ይገባታል! ዕድሜ ልክ ከጤፍና ከማሽላ ሽያጭ ሳንቲም እየቆጠሩ ለዚያ ጉዞ ማጠራቀም ቀላል አይደለም። ጥያቄው ግን አይቀርም። ቅዱሱን ስፍራ በዓይን ማየት እምነትን በእርግጥ ያጠልቀዋል ወይ?

ጥያቄው ያረጀ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ኢየሩሳሌምን ካየ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቦታ መለወጥ ብቻውን ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ፣ በዚያች ቅድስት ከተማም ሌባውና ነፍሰ ገዳዩ እንደማይጠፉ ተናግሯል። ጄሮም ደግሞ ቤተ ልሔም ተቀምጦ፣ የሰማይ በር ከኢየሩሳሌምም ከብሪታንያም እኩል ክፍት ነው ሲል ለወዳጁ ጽፏል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሳያዩ የናቁ አይደሉም። ጄሮም እንዲያውም ከቤተ ልሔም አልወጣም፤ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። ስፍራው ምንም ባይሰጠው ኖሮ ለምን ተቀመጠ?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከነበርኩበት ዘመን የቀረችኝ ምሳሌ አለች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ጎጃም ወርዶ ማንኩሳን ቢያይ ሰብለ ወንጌልን አያገኛትም። የሚያገኘው አፈሩን፣ ዳገቱን፣ የመንገዱን ርቀት ነው። ሲመለስ ግን ያው መጽሐፍ በእጁ ላይ ይከብደዋል። ቃሉ አልተጨመረም፤ አንባቢው ነው የተጨመረው። ቅዱስ ስፍራም ለአማኝ የሚያደርገው ይህንኑ ይመስለኛል።

ለምሳሌ አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ «ወረደ» የሚለውን የወንጌል ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ገደማ። 27 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ያውም በረሃ። ይህንን ለከተማ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ከመርሐቤቴ ደጋ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ጀማ ወንዝ የወረደ፣ ቆላው ላይ ሽፍታ ሲፈራ የነበረ አዛውንት ግን ኢየሩሳሌም ሳይሄድ ይገባዋል። ጉልበቱ አንብቦታል።

አባቶቻችን ይህንን ዐውቀውት ነው መሰለኝ አገሩን ራሱን መጽሐፍ ቅዱስ ያደረጉት። ከመንዝ ሥር ደብረ ሲና አለችልን። ከጀማ ማዶ ሰላሌ ላይ ያለው ገዳም ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ። ላሊበላ ዮርዳኖስም ጎልጎታም ደብረ ሲናም አላት። በጥምቀት ደግሞ ታቦት የወረደበት ወንዝ ሁሉ፣ የመንደር ምንጭ እንኳ ብትሆን፣ በዚያች ሌሊት ዮርዳኖስ ናት። ይህ ለመሄድ አቅም ላጣው ሰው የተሰጠ ማጽናኛ ብቻ አይደለም። ትልቅ አሳብ አለበት፤ ቅድስናው ወደ አንተ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ሲመጣም ዋጋ ያስከፍላል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ደብረ ሊባኖስ ሲከበብ የተጨፈጨፉት መነኮሳት ብቻ አልነበሩም። ለተክለ ሃይማኖት በዓል የመጡ ተሳላሚዎችም ነበሩባቸው። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው የጻድቁን ገዳም ብቻ አይሳለምም፤ እንደ እሱ ስንቅ ቋጥረው መጥተው ያልተመለሱትንም ይሳለማል። ኢየሩሳሌም የደረሰም ቢሆን የአገሩን መነኮሳት የሚያገኛቸው ጎልጎታ ላይ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፣ በዴር ሡልጣን ጠባብ ጎጆዎች ውስጥ ነው። ክብር ፍለጋ የሄደ ሰው ድህነትና ጽናት ይጠብቀዋል። ይህም ትምህርት ነው፤ የሚማር ካለ።

«የሚማር ካለ» ያልኩት በምክንያት ነው። ከኢየሩሳሌም የሚወርዱ ሁለት መንገዶች በሐዲስ ኪዳን ተጽፈውልናል። አንደኛው ወደ ጋዛ ነው። የእኛ ሰው ጃንደረባው ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄዷል፣ ሰግዷል፣ ተመልሷል። ሆኖም ሠረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ዘርግቶ ያነብባል እንጂ አልገባውም! ያን ያህል አገር አቋርጦ፣ ቤተ መቅደሱ ዘንድ ደርሶ፣ የልቡ ጥያቄ ሳይፈታ ነው የመጣው። የተፈታለት በመልሱ መንገድ፣ «አልገባኝም፣ አስረዳኝ» ባለ ጊዜ ነው። እንግዲህ ተጽፎ የምናውቀው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ እምነቱን ያገኘው ስፍራው ላይ አይደለም ማለት ነው። ግን ደግሞ ባይሄድ ኖሮ በዚያ መንገድ ላይ አይገኝም ነበር። ጉዞው ጥያቄውን አስይዞ ላከው።

ሁለተኛው መንገድ ያው የኢያሪኮው ነው። ተደብድቦ የወደቀውን ሰው አይተው ያለፉት እነማን ናቸው? ካህኑና ሌዋዊው። የቤተ መቅደሱ ሰዎች! ስፍራውን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በየተራቸው ያገለግሉበታል። የቁስለኛውን ቁስል ያጠበው ግን ኢየሩሳሌም የማይሰግደው ሳምራዊ ነው።

እንግዲህ ስፍራ ማየት እንደ ዝናብ ነው ልበል። የታረሰ መሬት ያበቅልበታል፤ ጭንጫው ታጥቦ ይሄዳል። አንድ ሰው ከወንድሙ ጋር በአንድ ጥማድ የእርሻ ድንበር ተካስሶ፣ ሰላምታ አቋርጦ ጎልጎታን ቢሳለም ምን ይዞ ይመጣል? የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ያስቀረች እመቤት በዚያው ብር ሻማ ብታበራ ሻማው የማን ነው? ነገሩ ከባድ ነው። ብዙዎቻችን ለሩቁ ስፍራ የምናጠራቅመው ለቅርቡ ሰው ከነፈግነው ላይ ነውና።

አትሂዱ ማለቴ አይደለም። የቻለ ይሂድ፤ መጽሐፉን አንብቦ፣ የሚያስረዳውን ሰው ይዞ፣ ጥያቄውን ሳይደብቅ ይሂድ። ያልቻለም ጀማን ተሻግሮ ደብረ ሊባኖስ ይሂድ፤ መንገዱ ሲከፋ የመንደሩ ዮርዳኖስ አለችለት። ሁሉም ግን ከመነሣቱ በፊት አንድ ትእዛዝ ያስታውስ። መባውን ይዞ መሠዊያው ፊት የቆመ ሰው እንኳ የተቀየመው ወንድም ካለ መባውን እዚያው ትቶ፣ ተመልሶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟል። መሠዊያው ፊት ከደረሱ በኋላ ማለት እኮ ነው!

ከዓለም ከተማ እስከ ኢየሩሳሌም ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አስጎብኚው ይነግራችኋል። ከቤታችሁ እስከ ወንድማችሁ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ግን የምታውቁት እናንተው ናችሁ። ጉዞው ከዚያ ቢጀመር ምን ይላችኋል?