ሀብቱ የሁሉ፣ ዕዳው የማን?

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የሚገኝበት ስፍራ የለም። ስለዚህም ሊቃውንት ይመረምሩታል፤ ጎብኚዎችም ባሕር ተሻግረው ሊያዩት ይመጣሉ። ነገር ግን በስሜን ተራሮች ገብስ ዘርቶ ለሚያድረው ገበሬ ጭላዳ ምኑ ነው? የእንስሳው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ሣር ቢሆንም፣ አዝመራ በደረሰ ጊዜ ከገደሉ ወጥቶ እርሻ ይገባል። ያን ጊዜ የገበሬው ልጅ ወንጭፉን ይዞ ሰብል ሲጠብቅ ይውላል፤ ከትምህርቱም ይቀራል።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2009 ዓ.ም. ወጣ። ይህ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል።

አንዳንዱ «ፍጥረት ሁሉ ለሰው ተገዥ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሰው ለአራዊት ስፍራ ይልቀቅ» ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ ይኸውም ፍርድ ነው። ጥቅሙ ለዓለም፣ ጉዳቱ ግን ለአንድ ጎጆ ሲሆን፣ ገበሬው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

በመንዝ የጓሳን ምድር ያገሩ ሰው ራሱ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት ለብዙ ዘመን ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና፣ ሲፈቀድ ባለመብቱ ለቤቱ ክዳን ያጭድ ነበር። በዚያው ጥበቃ ጥላ ሥር ቀይ ቀበሮም ኖረ። ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ስለ ነበሩ ሕጉ ከውጭ የመጣ ሸክም አልሆነባቸውም።

እንግዲህ ጠቡን ለማብረድ ከዘበኛ ጠመንጃ አስቀድሞ ትክክለኛ ፍርድ ያስፈልጋል። ሰብሉ ለጠፋበት ካሣ፣ በጉ ለተበላበት ጠንካራ በረት፣ ለልጁም የሚተካው የሰብል ጠባቂ ከጎብኚው ገንዘብ ሊገኝለት ይገባል። «ካሣ ሐሰተኛ ያበዛል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ሊያበዛ ይችላል። ነገር ግን የማን እርሻ እንደ ጠፋ የመንደሩ ሽማግሌ ያውቃል፤ ጥቂቶች ይዋሻሉ ተብሎም የብዙዎች እውነት አይጣልም።

በቢሮና በትምህርት ቤት ያለን ሰዎች ስለ ጭላዳ በኩራት እንናገራለን። ቅርሱ የሁላችን ከሆነ፣ የጠፋውም ገብስ የሁላችን ነው።