የፈረሱ ሞት በሲኒማ

አንድሬይ ታርኮቭስኪ የተባለው መስኮባዊ የሲኒማ ሠሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 የፈጸመው «አንድሬይ ሩብልዮቭ» የተሰኘው ሥራ፥ ከዚያ 550 ዓመት ያህል አስቀድሞ ስለ ነበረ መነኩሴ ሠዓሊ የሚናገር ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ጭቃውም ጭሱም የሰውም ፊት በጥቁርና በነጭ ብቻ ይታያል፤ መነኩሴው የሣላቸው ቅዱሳት ሥዕሎች ግን በመጨረሻ በቀለም ይገለጣሉ። ሥላሴን በሦስት ሽበታም አረጋውያን አምሳል ማየት የለመደ የእኛ ሰው፥ በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡትን ሦስቱን መላእክት ሲያይ ጥቂት ይደነግራል። ቢሆንም የቀለሙ መዘግየት ለእኔ እንደ ጾም ሆኖ ታየኝ፤ ሁለት ወር ከቅቤ የተለየ አፍ በፋሲካ ሌሊት ጣዕሙን እንደሚያውቅ፥ ዓይንም ሰማያዊውን ያን ጊዜ ያውቀዋል።

ኅሊናዬን የከበደው ግን ሌላ ነው። ታታሮች የቭላዲሚርን ከተማ ሲዘርፉ በሚታይበት ክፍል አንድ ፈረስ ከደረጃ ተንከባሎ ይወድቃል፤ ሊነሣ ሲታገልም በጦር ይወጋል። ይህ ማስመሰል አልነበረም፤ ፈረሱ ከቄራ የመጣ ነበረ፤ በእርግጥ ቈስሎ በእርግጥ ሞተ።

«ያውስ ሊታረድ የቀረበ አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ እኛም በሬ እናርዳለን። ነገር ግን አራጅ ቢላዋውን የሚስለው የበሬው ሥቃይ እንዲያጥር ነው። በዚያ ቦታ የተፈለገው ሥቃዩ ራሱ ነበረ።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፥ ክፉውን በአንድ ዓይኑ ከጎን አድርገው መሣል ልማዳቸው ነው፤ ተመልካቹም አንድ ፍጡር ሳይቈስል ክፋትን ይለያል። «ምልክት ብቻ ነው፥ ልብ አያስደነግጥም» ቢሉኝ እውነት አላቸው፤ የፈረሱ አወዳደቅ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ዳሩ ግን ስለ ከተማይቱ መጥፋት ማዘን ሲገባኝ ያዘንሁት ስለዚያ ፈረስ ብቻ ነው። የእርሱ ሞት እውነት በሆነ ጊዜ የሰዎቹ ሞት ጨዋታ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ሠሪው በደም የገዛው እውነት የቀረውን ድካሙን ሐሰት አስመሰለበት ማለት ነው።

ሲኒማው የሚያልቀው በውኃ ዳር ዝናብ በሚወርድባቸው ፈረሶች ነው፤ ይህም በቀለም ነው። በሁሩሙና በመቱ ለሚኖር ሰው፥ በክረምት አንገቱን ደፍቶ ዶፉን የሚታገሥ ከብት እንግዳ ነገር አይደለም። ማንም አልነካቸውም፤ ቆመው ዝናቡን ይቀበላሉ።