ስደተኛው ሲታሰር እኛ ምን እናድርግ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው የጽጌ ወራት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ አንድ ስደት ታስባለች። ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ። እኛም የማንቡክ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከበሮአችንን አንሥተን የእመቤታችንን ድካም፣ የልጇን ረኃብና ጥማት፣ የበረሓውን ሐሩር እየዘመርን እናነጋለን። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ማንም ሳያስገድዳቸው ይህን ጾም በፈቃዳቸው ይጾማሉ። ነገር ግን የምንዘምረው ስለ ማን እንደ ሆነ ቆም ብለን አስበን እናውቃለንን? አንዲት እናት ሕፃን ልጇን አዝላ፣ አረጋዊው ዮሴፍና ሰሎሜ አብረዋት፣ ከገዳይ ንጉሥ ሸሽታ ድንበር ተሻገረች። ይህ በዛሬው አነጋገር ስደተኛ ቤተሰብ ማለት ነው። በግብፅ በር ላይ ወረቀት የሚጠይቅ ዘበኛ ቆሞ እናቲቱን ከነልጇ ይዞ አስሮ ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ከማን ጋር እንቆም ነበር? ሁላችንም ፈጥነን «ከእርስዋ ጋር» እንላለን። ይህን መልስ በመዝሙር መስጠት ቀላል ነው፤ በኑሮ መስጠት ግን ይከብዳል።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ቀን፣ ጽጌ ገና ሳይፈጸም፣ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማሰስና ማሰር ተጀመረ። በሪያድ ከተማ መንፉሓ በተባለው ሰፈር በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን ድብደባና ግድያ ያልሰማ አልነበረም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተይዘው ወይም እጃቸውን ሰጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በተነሣ ጊዜ ደግሞ፣ ከሰሜን የመን በሁቲ ታጣቂዎች የተባረሩ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ድንበር በጥይትና በእስር መካከል ወደቁ። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ሳይቀሩ በጂዛንና በአካባቢው በተጨናነቁ እስር ቤቶች መታጎራቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አስታወቀ። በ2013 ዓ.ም. የካቲት 28 ቀን በሰንዓ ከተማ ስደተኞች የታጎሩበት ሥፍራ በእሳት ሲጋይ፣ ካለቁት የሚበዙት የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። በመጋቢት ወር 2014 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ከ100,000 በላይ ሰዎች እንዲመለሱ ተስማምተው፣ በ21ኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ 900 ያህል ተመላሾች አዲስ አበባ ሲገቡ ሕፃናት የያዙ እናቶች በመካከላቸው ነበሩ።

ባለፈው የጽጌ ወራት ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን በዚህ ጉዳይ ላይ ተወያይተን ነበር። የተሰጡትን አሳቦች ሳንደብቅ እናቀርባለን፤ በእኛ መካከል የተነሣው ክርክር በብዙ ቤት ያለ ነውና።

አንድ ወንድማችን፣ «ማን ሂዱ አላቸው? ሕግ ተላልፈው ነው የሄዱት፤ መንግሥት የሆነ ሁሉ ደግሞ በሩን መጠበቅ ይገባዋል» አለ። ይህ ወንድማችን ጨካኝ ሰው አይደለም። አባቱ ጥማድ በሬውን ሽጦ ለደላላ ሲከፍል ያየ፣ ታላቅ ወንድሙም ከየመን ደውሎ ሲያለቅስ የሰማ ነው። ቁጣው ከቁስሉ የወጣ ስለ ሆነ ልናከብረው ይገባል። በአሳቡም ውስጥ እውነት አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ ለባለሥልጣን መገዛትን አስተምሮአልና። ይህንኑ ምዕራፍ በ2010 ዓ.ም. ሰኔ 7 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የነበሩት ጄፍ ሴሽንስ ጠቅሰውት ነበር። በዚያን ወራት በአሜሪካ ደቡባዊ ድንበር የተያዙ ወላጆች ለክስ ሲቀርቡ ልጆቻቸው ከጉያቸው እየተለዩ ለብቻ ይወሰዱ ስለ ነበር፣ ባለሥልጣኑ ቃሉን ለዚህ ሥራ መከላከያ አደረጉት። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን ሐዋርያው ሕግን ሁሉ በፍቅር ሲጠቀልለው፣ ፍቅርም ባልንጀራን እንደማይጎዳ ሲያስተምር ያገኘዋል። ድንበር መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሕፃንን መፈናፈኛ በሌለው ክፍል መዝጋት ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ስም ሁለተኛውን ማጽደቅ አይቻልም። ሕፃኑ ከደላላ ጋር አልተዋዋለም፤ መንገዱንም አልመረጠም። ቢመረጥለት ኖሮ የእናቱን ቤት ይመርጥ ነበር።

ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ነገር አለ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ፍርድ ቀን ሲያስተምር ራሱን ከእንግዳውና ከእስረኛው ጋር ቈጥሮአል። እስረኛው በደለኛ ይሁን ንጹሕ ግን አልተናገረም። በዚያ ቀን እኛ የምንጠየቀው ሰውዬው ስለ ምን እንደ ታሰረ አይደለም፤ ሄደን እንደ ጎበኘነው ነው። በዘመናችን ደግሞ እንግዳውና እስረኛው ሁለት ሰዎች መሆናቸው ቀርቶአል። እንግዳ በመሆኑ ብቻ የታሰረ አንድ ሰው ሆነዋል።

ሌላዋ እኅታችን ተነሥታ፣ «እኛ እኮ በአክሱም ዘመን የእነርሱን ወገኖች ተቀብለን አስጠልለናል፤ ታዲያ ውለታው የት ገባ?» አለች። ይህን ታሪክ ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችን ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ይዘውታል። በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በመካ መከራ ሲጸናባቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ መጡ። የቁረይሽ መልእክተኞችም እጅ መንሻ ይዘው ተከትለው፣ ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጡአቸው ጠየቁ። ንጉሡ በእጅ መንሻው አልተደለለም። ስደተኞቹን አስጠርቶ ቃላቸውን ሰማ፤ ከሰማም በኋላ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ግን የማን ሥራ ነው? የንጉሡ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። እርሱ የሠራውን ጽድቅ እኛ እንደ አራጣ አበዳሪ ዛሬ ወለድ ልንጠይቅበት አይገባም። ለእኛ የተወልን አንድ ምሳሌ ነው፤ ይኸውም በስደተኛ ላይ ከመፍረድ አስቀድሞ አፉን ከፍቶ እንዲናገር ማድረግ ነው። እኛስ ስደተኛውን ሰምተነዋልን?

ሦስተኛው አሳብ የብዙዎቻችን ነበር። «ማንቡክ ወዴት፣ ጂዛን ወዴት! ከመጸለይ በቀር ምን አቅም አለን?» የሚል ነው። ጸሎት ትንሽ ነገር አይደለም፤ በቅዳሴያችንም ስለ መንገደኞችና ስለ እስረኞች ይለመናል። ጸሎት ራሱ ለስደተኛ ቅጥር የሆነበት ጊዜም አለ። በሆላንድ አገር ሕግ፣ አምልኮ በሚካሄድበት ሰዓት ፖሊስ ወደ ጸሎት ቤት አይገባም። በሔግ ከተማ ቤቴል የምትባል የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ምእመናን፣ ከአገር ሊባረር የተቃረበ አንድ የአርመን ቤተሰብን ከነልጆቹ አስጠግተው፣ ከ2011 ዓ.ም. ጥቅምት 16 ቀን ጀምሮ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ ጸለዩ። ሰባኪ ሰባኪን እየተካ 96 ቀን ሆነ። በጥር 22 ቀን፣ መንግሥቱን የመሠረቱት ፓርቲዎች በአገሩ ያደጉ የስደተኛ ልጆች ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ከተስማሙ በኋላ፣ ጸሎቱ ተፈጸመ። ሥርዓታቸው ከሥርዓታችን ይለያል። ቆሞ ማደርንም ማኅሌት ለሚቆም ሰው ማስተማር አያስፈልግም። ከእነርሱ የምንማረው ሌላ ነው፤ የሚጸለይለት ሰው በዚያው በጸሎት ቤታቸው ውስጥ ከእነርሱ ጋር ነበረ።

የምንጸልይለት ሰው በአጠገባችን በቆመ ጊዜ እኛ ምን አደረግን? እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት መናገር ግድ ይሆንብናል።

በ2015 ዓ.ም. ከሳዑዲ እስር ቤት የተመለሰች አንዲት ወጣት፣ ቤተሰቦችዋ ከመፈናቀል ሲመለሱ አብራ መጥታ በመካከላችን ተቀመጠች። ልጇን የወለደቻት እዚያው ታስራ ሳለች ነው። ስትሄድ መርቆ የሸኛት ሰፈር ስትመለስ «ምን ይዛ መጣች?» አለ፤ ባዶ እጅዋን ባየ ጊዜ ደግሞ «ልጅቱ የማን ናት?» አለ። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን በአፋችን አላልንም። ግን ከመካከላችን ቤትዋ የሄደ አልነበረም። እሑድ እሑድ ልጇን አዝላ ከቅጽሩ ውጭ ከዋርካው ሥር ቆማ ታስቀድስ ነበር፤ እኛም አይተናት እናልፍ ነበር። ስለ ታሰሩት እየጸለይን፣ ከታሰሩት አንዲቱን ከዋርካ ሥር ትተናት ነበር ማለት ነው። ልጅቱ በ80 ቀንዋ መጠመቅ ሲገባት ሁለት ዓመት አልፎአታል። እናቲቱ፣ «አባት የሌላት ልጅ ይዤ ብገባ ምን ይሉኛል? ክርስትና እናትስ ማን ይሆናታል?» ብላ ፈርታ እንደ ነበር ኋላ ነገረችን።

ክርስትና እናት የሆኑላት ከእኛ ከተማርነው አንዱ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በመኪና ተጭነው ፓዌ የሰፈሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ከዋርካው ሥር ሄደው ልጅቱን ከእናትዋ ጀርባ ተቀበሉና፣ «እኔ እሆናታለሁ» አሉ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ በጠየቅናቸው ጊዜ፣ «ልጆቼ፣ እኔንም ያመጣኝ ችግር ነው። በማላውቀው አገር ስወርድ ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ ሳይል በቅል ውኃ ያቀበለኝ የጉሙዝ ሰው ነበር። እርሱ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ በጥም ሞቼ ነበር» አሉን።

ልጅቱ ከተጠመቀች በኋላ እናቲቱ ትናገር ጀመር። ሴቶቹ በክፍሉ ጥበት ምክንያት ተራ እየገቡ ይተኙ ነበር። አንዲት የጎጃም ልጅ በጥፍርዋ ግድግዳውን እየጫረች ቀን ትቈጥር ስለ ነበር፣ የጽጌን ወራት በእርስዋ ቍጥር አወቁት። ዘበኞቹ እንዳይሰሙም አምስት ሆነው በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። «አገር ቤት ደግሞ ለእኛ እየዘመሩልን ነው እንል ነበር» አለችን። ይህን ስትል ከመካከላችን ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄያችን «ምን አቅም አለን?» የሚለው አልነበረም ማለት ነው። በዚህ በመተከል ምድር እንግድነትን ያልቀመሰ ማን አለ? በ1977 ዓ.ም. ከድርቅ ቀጠና ተጭነው የመጡት እንግዶች ነበሩ። ምድሪቱን ቀድመው የኖሩባት የጉሙዝ ወገኖቻችን ደግሞ ሳይጠየቁ አስተናጋጆች ሆኑ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በዞናችን ደም ሲፈስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ሥፍራ በድንኳን ኖረ። በክልላችንም በሸርቆሌና በባምባሲ የሱዳን ስደተኞች ሰፍረዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም በኩርሙክ በኩል ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ገብተዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አንዱ ሌላውን «መጤ» እያለ መጥራቱ አልቀረም። በሪያድና በጂዛን ወገናችንን ያሳሰረው ቃል በዓረብኛ ይነገር እንጂ ትርጕሙ ከዚህ አይርቅም። በቤታችን «መጤ» እያልን፣ በሌላው አገር ግን «ወገናችን ስለ ምን መጤ ተባለ?» ብለን ብንጮኽ ጩኸታችን ማንን ያሳምናል? ለታሰረው እንግዳ ልንከራከርለት የምንችለው ያልታሰረውን እንግዳ በደጃችን ስንቀበል ነው።

ስለዚህ በዚያ ውይይት ማብቂያ ጥቂት ነገሮችን ለራሳችን ወሰንን። ከስደት የተመለሰ ሰው ወደ ከተማችን በገባበት ሳምንት፣ ምን ይዞ እንደ መጣ ሳንጠይቅ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ቤቱ እንድንሄድ። በስደትና በእስር ለተወለዱ ሕፃናት ክርስትና አባትና እናት ለመሆን ቀድመን እንድንቀርብ። ሊሄዱ የተነሡትን ጓደኞቻችንን ሳንቈጣ፣ የተመለሱት ራሳቸው በአፋቸው የመንገዱን እውነት እንዲነግሩአቸው። በታሰሩት ስም ስንጸልይም ፈቃዳቸውን ከሰጡ ቤተሰቦች የክርስትና ስማቸውን ተቀብለን በስማቸው እንድንጸልይ። «መጤ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከመካከላችን እንድናጠፋው።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ የጂዛንን እስር ቤት በር አይከፍቱም። ከእኛ ከወጣቶቹም መካከል ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ነገ በዚያው መንገድ የሚሄድ እንደሚኖር እናውቃለን። ያ ወንድማችን ወይም ያቺ እኅታችን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው «አገር ቤት እየዘመሩልን ነው» ሲሉ እውነት እንዲሆን፣ ሲመለሱም ከዋርካው ሥር እንዳይቆሙ፣ ከአሁኑ እንዘጋጅ። በመጪው የጽጌ ወራት ከበሮአችንን ስናነሣ አስቀድመን ወደ ቅጽሩ በር እንመልከት፤ ልጇን ያዘለች እናት ቆማ እንደ ሆነ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።