ከአጥሩ ወዲያ

አንድ ወፍ ወዳድ አውሮፓዊ ከጓደኛው ጋር መጥቶ ደቡብ ኢትዮጵያን ዞረ። ከያቤሎ አካባቢ በቀር በዓለም የትም የማትገኘውን፣ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነውን ቁራ አየ። ነገሌ ቦረና ዙሪያም ክንፏን ስትዘረጋ ቀይ የምታሳየውን የሩስፖሊን ቱራኮ አየ።

ሩስፖሊ ጣሊያናዊ መስፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 በዚሁ አገር ሲያልፍ ዝሆን ገደለው፤ ወፏ ከጓዙ ውስጥ ተገኘች። የት እንደያዛት ግን የጻፈው አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት የወፏ ቆዳ በሰው እጅ እያለ አገሯ ሳይታወቅ ቆየ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ የኖረችበት ካልታወቀ ወፏን መያዝ ምን ማግኘት ነው?

በመጨረሻው ቀን ለእንግዳው አንዲት ወፍ ብቻ ቀረችው፤ የሊበን ላርክ። ከሊበን ሜዳ ሌላ ዛሬ መኖሪያዋ የሚታወቀው በጅጅጋ በኩል ብቻ ነው። መሬት ላይ፣ ከሣር ሥር ጎጆዋን ትሠራለች፤ ሰው ሲቀርባት እንደ አይጥ በሣሩ መሃል ትሮጣለች። ሜዳው በግጦሽ ሲላጭ፣ ዳሩ ሲታረስ፣ ቁጥቋጦ ሲወርሰው መሸሸጊያ አጣች። ጥሩ ሣር የቀረው ቦረናዎች ካሎ በሚሉት፣ በእሾህ አጥረው ለጥጃና ለደካማ ከብት በሚያቆዩት ስፍራ ነው።

ከአንዱ ካሎ ሲደርሱ አጥሩ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ እንግዳው ለጥቂት ጊዜ ገብቶ ቢያይ ይከፍላል» አለ አስጎብኚያቸው በኦሮምኛ።

«ልጄ፣ ሣሩ የጥጆቹ ነው» አሉ። «ከውጭ ይይ።»

እንግዳው ቴሌስኮፑን ተክሎ ሣሩን ይፈትሽ ጀመር። ረፋዱ አለፈ፤ ነፋሱ በረታ። ወደ ሜዳው ጥግ ሲያዞረው ግን ያየው ሌላ ነገር ነበር፤ እሾሁ ተገፍቶ አንዲት ላም አንገቷን አስገብታለች፣ መንጋው ከኋላዋ ይጋፋል። በእጁ እያመለከተ ጮኸ። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ እሱም ተከትሏቸው ሮጠ።

ላሚቱን መለሷት። ሽማግሌው መንጋውን ሲያግዱ እንግዳው የወደቀውን ቆንጥር አንሥቶ ክፍተቱን በደረቱ ደግፎ ያዘ። እሾሁ ሸሚዙን አልፎ ክንዱን ወጋው። ይህን ጊዜ ጓደኛው ከኋላ «ያቻት! ተነሣች! ዙር!» ሲል ተጣራ።

ቢዞር እሾሁ ይወድቃል። ላሚቱ ገና ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር። አልዞረም። ሽማግሌው መጥተው ቆንጥሩን ከቆንጥር እስኪያቆላልፉ ድረስ ያዘ፤ ቀና ሲል ሰማዩ ባዶ ነበር።

ማታ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ጓደኛው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ዘፈኗን፣ ክንፏን፣ አወራረዷን ደጋግሞ ነገረው። እንግዳው ክንዱ ላይ የቀረውን እሾህ እየነቀለ አዳመጠው።

«ያረፈችው ከአጥሩ ወዲያ ነው ወዲህ?» አለ።

ጓደኛው አሰበ። «ወፏን ነበር የማየው፤ አጥሩን ልብ አላልኩም።»

ሾፌሩ ከመሪው ሳይዞር «ወዲያ ነው ጌታዬ፣ ሣሩ ውስጥ ነው የገባችው» አለው።

«ላሞቹስ?»

«ውጭ ቀሩ።»