ምስሉን ወድዶ ሠሪውን መርሳት

ሰው በተፈጥሮው ሰብሳቢ ነው። ንብ ማሯን፥ ጉንዳንም እህሏን የምትሰበስበው ለክፉ ቀን ቀለብ እንዲሆናት ነው፤ ሰው ግን ከቀለብ አልፎ ዐይኑ የወደደውንና ልቡ የሚያስታውሰውን ነገር ሁሉ ማከማቸት ይወዳል። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሁለተኛው የጥንት ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ሦስተኛው ደግሞ ትናንሽ ምስሎችን በመደርደሪያ ላይ ያሰልፋል። እነዚህ ነገሮች አይበሉም፥ አይጠጡም፤ ብርድም አይከላከሉም። ታዲያ ይህ ጠባይ ከንቱ ድካም ነው ወይስ ለአእምሮ የሚጠቅም ሥራ? ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ አብረን የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው።

በዘመናችን ብዙ ሰው ከሚሰበስባቸው ነገሮች አንዱ፥ ኮሚክ በሚባሉት በሥዕል በሚተረኩ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙ ጀግኖች ምስል ነው። ሱፐርማንን፥ መርከበኛውን ፖፓይንና እነዚህን የመሳሰሉትን የእኛም የከተማ ልጆች በፊልም ያውቋቸዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት፥ በኒው ዮርክ ግዛት በሲራኪዩዝ ከተማ የነበረው ሲሮኮ የተባለው ፋብሪካ፥ የደቀቀ እንጨት ከማጣበቂያ ጋር ለውሶ በቅርጽ ማውጫ እየጨመቀ የእነዚህን ጀግኖች ምስል ይሠራ ነበር። ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላም ዳርክ ሆርስ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ ድርጅት ያንኑ የድሮ መልክ ተከትሎ አዳዲስ ምስሎችን አሠርቶ፥ በቈርቈሮ ሣጥን እያደረገ በተወሰነ ቍጥር ሸጠ። ያረጀውን የሚናፍቁ ሰዎችም በደስታ ገዙት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አዲሱን ነገር አሮጌ አስመስሎ መሥራት ማታለል አይደለምን? መልሱ የሚገኘው በሻጩ አፍ ነው። «ይህ ዛሬ የተሠራ ነው፤ መልኩ ግን ያለፈውን ዘመን ያስታውሳል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ማንንም አላታለለም። የሸጠው ትዝታ ነው፤ ገዢውም ትዝታ መግዛቱን ያውቃል። ነገር ግን ትናንት የተጻፈውን ብራና በጢስ አጥቍሮ፥ አዲሱንም መስቀል በአፈር ቀብሮ አዛግቶ፥ «ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የቀረ ነው» እያለ ለእንግዳ የሚሸጥ ሰው ከሌባ አይለይም። የሁለቱ ሰዎች የእጅ ሥራ አንድ ዐይነት ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸው ቃላቸው ነው።

መሰብሰብም ራሱ ነውር አይደለም። በማስተማር ሥራ ላይ በቈየሁበት ዘመን ብዙ ጊዜ እንዳስተዋልሁት፥ አንድ ነገር በፍቅር የሚሰበስብ ልጅ ሳያውቀው ብዙ ነገር ይማራል። ይህን ከዚያ መለየት፥ ዘመኑን መጠየቅ፥ ሥርዐት ማስያዝና መታገሥ ይለምዳል። ሣጥኑን እንኳ ሳይከፍት ዋጋው እስኪወጣ ድረስ የሚጠብቅ ሰው ግን ሰብሳቢ ሳይሆን ነጋዴ ነው። ንግድ ነውር ባይሆንም ፍቅር ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይኸውም፥ ምስሉን የሚወድ ሰው ለሠሪው የሚገባው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ይህን ለመረዳት የሱፐርማንን ታሪክ እንመልከት።

ይህን ጀግና በሐሳባቸው የወለዱት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ያደጉ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። ሲገል ታሪኩን ይጽፋል፤ ሹስተር ሥዕሉን ይሥላል። በ1938 የ23 ዓመት ወጣቶች ሳሉ 13 ገጽ የሆነውን የመጀመሪያውን ታሪክ በ130 ዶላር ሸጡ፤ ከታሪኩም ጋር በጀግናው ላይ የነበራቸውን መብት ሁሉ አስረከቡ። ታሪኩ የወጣበት መጽሔት በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ጀግናው ዓለምን ዞረ፤ በፊልም ታየ፤ አሻንጉሊትም ሆነ። በ1947 ሁለቱ ሰዎች መብታቸውን በፍርድ ቤት ቢጠይቁ ግን ስማቸው ከታሪኩ ላይ ተነሣ። በ1975፥ ሲገል በችግር ላይ ሳለ፥ የሹስተርም ዐይን ደክሞ ሳለ፥ ሕዝብ ስለ እነርሱ ከጮኸ በኋላ፥ ባለ መብቱ ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊከፍል ተስማማ፤ ስማቸውም ተመለሰ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። ያ 130 ዶላር የተከፈለበት ቼክ ራሱ በ2012 በጨረታ ቀርቦ በ160,000 ዶላር ተሸጠ። በ2024 ደግሞ ከዚያ ከመጀመሪያው መጽሔት አንዱ ቅጂ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ። ሁለቱ ሠሪዎች ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ሰው የደኻን ሠራተኛ ደመወዝ የሚያሳይ ወረቀት ከደመወዙ ከሺህ ጊዜ በላይ አስበልጦ ሲገዛ፥ የወደደው ምኑን ነው? ሥራውን ነውን? ሠሪውን ነውን? ወይስ ሌላው ሰው የሌለውን ነገር እርሱ ብቻ መያዙን?

ይህን የሰው አገር ታሪክ ሰምተን በባዕድ ላይ ብቻ እንዳንፈርድ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ወለቃ የምትባል መንደር አለች። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ጭቃ ትናንሽ ምስሎችን እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። አንበሳውን፥ ወፉን፥ መጽሐፍ የሚያነበውን ካህን፥ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን በጣታቸው ቀርጸው በእሳት ይተኵሷቸዋል። ጎብኚዎች እነዚህን ምስሎች ወደየአገራቸው ወሰዷቸው፤ በመደርደሪያቸውም ላይ አኖሯቸው።

ሠሪዎቹስ እንዴት ኖሩ? ወገኖቻቸው ለብዙ ዘመን ርስት ተከልክለው ስለ ነበረ በሸክላና በብረት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ጎረቤት ምጣዱንና ጀበናውን ከእነርሱ ይገዛል፤ ማረሻውንም ያሠራል፤ ዞር ብሎ ግን «ቡዳ» ይላቸዋል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያለም ይሸሻቸዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ከዚያ ወዲህ በወለቃ ያንኑ ዐይነት ምስል ሠርተው የሚሸጡት በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ናቸው። ምስሉ ቀረ፤ ሠሪዋ ግን ሄደች።

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ምሳሌያችን ይህን ነገር በአራት ቃላት ጨርሶታል። በወሎም ቢሆን ከዚህ በደል ንጹሕ ነን ልንል አንችልም። በየገበያችን ገንቦውን እያንኳኳን በዋጋ የምንከራከራትን ሴት፥ ልጅዋን ለልጃችን እንድትሰጠን እንጠይቃታለንን? ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ባለ እጁን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከብዙዎች ልብ ገና አልወጣም። አዋጅ አፍን ሊከለክል ይችላል፤ ልብን የሚያቀናው ግን ባለቤቱ ነው።

ከእናንተ መካከል አንዱ እንዲህ ይል ይሆናል፦ «እኔ በገንዘቤ አንድ ምስል ብገዛ ምን በደልሁ? ሁለቱ አሜሪካውያን በገዛ እጃቸው ፈርመዋል፤ የወለቃዋም ሴት የጠየቀችው ዋጋ ተከፍሏታል»። ይህ አነጋገር ከፊል እውነት አለበት። ፊርማ ፊርማ ነው፤ ዋጋም ዋጋ ነው። ሆኖም የተራበ ሰው የሚፈርመው ውልና የጠገበ ሰው የሚፈርመው ውል አንድ አይደለም። ደግሞም ሰው ለሰው የሚገባው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ስምና ክብርም ይገባዋል። ገዢ ገንዘቡን ከፍሎ ክብሩን ቢያስቀር ግማሹን ዕዳ አልከፈለም ማለት ነው።

በእኛ በሐይቅ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ አለን። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእት ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። እርሳቸው ለገዳሙ የሰጡት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1280 ወይም ከ1281 ጀምሮ የሚታወቀው ወንጌል በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እጅግ የተከበረ ነው። እኒህ አባት መጻሕፍቱን የሰበሰቡት ለብቻቸው ሊያዩአቸው ሳይሆን ደቀ መዛሙርት ሊያስተምሩባቸው ነው፤ ከተማሪዎቻቸውም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። እንደዚሁም በብዙ የብራና መጻሕፍታችን ላይ ያጻፈው ሰው ስም ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውም ስም ይገኛል፤ አንባቢው ሁለቱንም እንዲያስብ ይለመናል። አባቶቻችን ሸክላ ሠሪዋን ቢንቁም፥ ለብራናው ጸሐፊ ግን ይህን ክብር አልነፈጉትም። ለአንዱ እጅ የተሰጠው ክብር ለሌላው እጅ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ቴምብርም ሆነ ሸክላ፥ የኮሚክ ጀግናም ሆነ የጥንት ገንዘብ ብትሰበስቡ አልከለክላችሁም። ነገር ግን ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን የሠራው ማን ነው? ለድካሙስ የተከፈለው ምንድን ነው? እኔስ ይህን ይዤ ለማን አካፍላለሁ? የሠሪውን ስም ካወቃችሁ ከምስሉ በታች ጻፉት። በሕይወት ካለና በአቅራቢያችሁ ካለ፥ ዋጋውን ሳትጐትቱ ክፈሉት፤ «እጅህ ይባረክ»፥ «እጅሽ ይባረክ» በሉት፥ በሏትም፤ በበዓል ቀንም ወደ ቤታችሁ ጥሩት። ከባዕድ አገር ጀግና ምስል አጠገብም ከጎረቤታችሁ ሸክላ ሠሪ የገዛችሁትን አንድ ምስል አኑሩ።

ደካማውን የሚረዳ፥ ግፈኛውን የሚቃወም ጀግና ምስል ገዝቶ፥ ያንኑ ምስል የሠራውን ደካማ መናቅ ምስሉ ራሱ የሚፈርድበት ነገር ነው። መደርደሪያ የሚሞላው በዕቃ ነው፤ ሰው የሚከብረው ግን ሰውን በማክበሩ ነው።